«ከአፈር ላወጣሽ ነው የማስተምርሽ» ይለኛል አባቴ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣

የምጽፍልዎት ከአዊ ነው። የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ 19 ነው፤ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ ስለነበር ወደ ኋላ ቀረሁ። ቤተሰቦቼ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ከተማ ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው። ዓርብ ማታ ስንቅ ልይዝ ወደ ቤት እሄዳለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ ግብርና የሚባል ትምህርት ጀመርን። መጽሐፉ ሲታደል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «ከዚህ ሸሽተን አይደል እንዴ የመጣነው!» ተባባልን። እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ግን መምህራችን ወደ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ወሰዱን። ባቄላ ነቅለው ሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች አሳዩን። አንዷን በምላጭ ሲከፍቷት ውስጧ ቀላ ብሏል። «እዚህ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየወሰደ ለተክሉ ምግብ ያበጃል» አሉን። በዚያው ሳምንት ቤት ስሄድ ከማሳችን ዳር አንድ የዲከረንስ (እኛ ጋ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ) ችግኝ ነቀልኩ። ሥሩ ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኘሁ። በጣም ደስ አለኝና ሮጬ ለአባቴ አሳየሁት። አየት አደረገና «ይህቺን ለማወቅ ነው ቤት የምከራይልሽ?» አለኝ።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግብርና ወይም ተፈጥሮ ሀብት ባጠና ደስ ይለኛል። ለአባቴ ፍንጭ ስሰጠው ተቆጣ። «ከአፈር ላወጣሽ ነው የማስተምርሽ፤ አንቺ ተመልሰሽ ልትገቢበት?» አለኝ። እናቴ «ነርስ ሁኚልኝ፣ እኔንም ትወጊኛለሽ» ትላለች። የባሰው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው። በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ዲግሪ ይዟል። ያስተማረው የዲከረንስ ከሰል ተሸጦ በተገኘ ብር ነው። ከተመረቀ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሥራ የለም፣ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ሐሳቤን ስነግረው «ከእኔ ካልተማርሽ ከማን ልትማሪ ነው?» ብሎ ዝም አለ።

ዲከረንሱም ታሟል። ቅጠሉ ዝገት የመሰለ ነገር ያለብሰውና ይደርቃል። አባቴ በምን እንደሚተካው አያውቅም።

ግብርና መርጬ እንደ ወንድሜ ብቀር የቤተሰቤን ተስፋ በላሁ ማለት ነው። ጤና ብመርጥ ደግሞ ልቤ የለበትም። ጓደኞቼም ይስቁብኛል። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከአዊ

መልስ

ግራ የገባሽ እህቴ፣

አባትሽ ተሳስተዋል ብዬ እንድጽፍልሽ ጠብቀሽ ከሆነ አልጽፍም። ሰውየው ሒሳብ ሠርተው ነው የተናገሩት። ከሰኔ ጭቃ እስከ አውድማ ድረስ ያለውን ልፋት ያውቁታል። ማዳበሪያ በውድ ገዝተው ዝናቡ ሲዘገይ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ከርመዋል። ምርቱ ሲገኝ ደግሞ ዋጋው ወርዶ ያገኙታል። በዚህ ሁሉ ላይ ልጃቸውን አስተምረው፣ ዲግሪውን ከቤት አስቀምጦ የሰው ባጃጅ ሲነዳ እያዩ ነው። ሁለተኛዋ ልጃቸው መጥታ «እኔም ያንኑ ልማር» ስትላቸው ምን እንዲሰማቸው ትጠብቂያለሽ? እኔ ብሆንም እቆጣ ነበር።

ግን ቁጣቸው ያረፈው አንቺ በወደድሽው ነገር ላይ አይመስለኝም። እሳቸው የሚፈሩት ድካሙንና ሥራ ማጣቱን ነው። አንቺ ደግሞ የወደድሽው ማወቁን ነው። እነዚህን ነጣጥለሽ ካየሻቸው ከአባትሽ ጋር የሚያጣላሽ ነገር ከምታስቢው ያንሳል።

በመጀመሪያ ትንሽ ትንፋሽ ውሰጂ። ዘንድሮ የምትወስኚው ነገር የለም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ነው፤ ከባዮሎጂ፣ ከኬሚስትሪ፣ ከፊዚክስና ከሒሳብ ጎን ለጎን ትማሪዋለሽ። ስለወደድሽው የተዘጋብሽ በር የለም። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢም መጀመሪያ የጋራ ትምህርት አለ፤ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜ አለሽ።

ጊዜ የሌለሽ ለፈተናው ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶው ብቻ ነበሩ። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። «ነርስ ወይስ ግብርና» እያላችሁ ቤት ውስጥ ስትከራከሩ፣ ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ዓይነት የኬሚስትሪ ደብተር መሆኑን እንዳትረሱት ነው። ከአባትሽ ጋር ዛሬውኑ የምትስማሙበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። «መጀመሪያ ልለፍ፤ ካለፍኩ በኋላ እንነጋገራለን» ብትያቸው ቤቱ ትንሽ ይረጋጋል። አንቺም በሰላም ታጠኛለሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። የወደድሽው ትምህርቱን ነው ወይስ መምህሩን? ጥሩ መምህር ድንጋይም ያስወድዳል። ብዙ ልጆች አንድ አስተማሪ ወደው ዲፓርትመንት ይመርጡና፣ እዚያ ሲደርሱ ያ ሰው የለም፤ የሚጠብቃቸው ጥቅጥቅ ያለ ሃንድአውት ነው። የአንቺ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱም ማንም ሳያዝሽ ከማሳችሁ ዳር ሄደሽ ዲከረንስ ነቅለሻል። ያ የቤት ሥራ አልነበረም። ቢሆንም ራስሽን ፈትኚው። ከመጽሐፉ ውስጥ መምህሩ ጓሮ ወስደው ያላሳዩሽን፣ ደረቅ የሚመስለውን ምዕራፍ ለብቻሽ አንብቢ፤ ስለ መኖ ወይም ስለ እርሻ መሣሪያ ያለውን ለምሳሌ። እዚያም ላይ «ይሄ እኛ ቤት እንዴት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ እንግዲህ ነገሩ የምር ነው።

አሁን ስለ ወንድምሽ። «ከእኔ ካልተማርሽ ከማን ልትማሪ ነው?» ያለሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የተጎዳ ሰው ንግግር ነው። ግን እውነት አለው፤ ከእሱ መማር አለብሽ። ችግሩ ገና አልጠየቅሽውም። «ሥራ አጣ» የሚለውን ብቻ ይዘሽ ነው የተጨነቅሽው። ለምን እንዳጣ ብታውቂ ጭንቀትሽ መልክ ይይዛል።

እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የሚመረቁ ልጆች ዋና ቀጣሪያቸው መንግሥት ነው። ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ቀበሌ ላይ የልማት ሠራተኛ ሆነው ነው የሚገቡት። በአንድ ቀበሌ በአብዛኛው የሚመደቡት ሦስት ናቸው፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ቦታው ከተያዘና በጀት ከሌለ ቀጣዩ ተመራቂ ሰልፍ ይጠብቃል። እርከንና ተፋሰስ ለአገር የሚሰጡት ጥቅም ትልቅ ነው፤ ግን ከመንግሥትና ከጥቂት ድርጅቶች በስተቀር ለዚያ ሥራ ደሞዝ የሚከፍል የለም። የወንድምሽ ችግር የስንፍና አይደለም።

ስለዚህ ለእሱ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ይዘሽለት ሂጂ። አብረውህ ከተመረቁት ሥራ ያገኙት እነማን ናቸው? የት ገቡ? ምን ስለሚችሉ ነው የተወሰዱት? በአራት ዓመት ውስጥ መስክ የወጣኸው ምን ያህል ነው? ዛሬ 11ኛ ክፍል ብትሆን ምን ትመርጥ ነበር? ይህንን ስትጠይቂው «ለምን ሥራ አላገኘህም?» የሚል ነቀፋ እንዳይመስልበት ተጠንቀቂ። ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ጥያቄ ከጎረቤትም ከዘመድም ሲሰማ ከርሟል። እንደ አንድ የሚያውቅ ሰው ጠይቂው። ከተመረቀ ወዲህ ያንን የጠየቀው ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

መልሱ ምናልባት «ግብርና አትግቢ» ላይሆን ይችላል። «ይሄኛውን ትተሽ ያኛውን ግቢ» ሊልሽ ይችላል። ግብርና ኮሌጅ ውስጥ እኮ ብዙ በር አለ። የእንስሳት ሕክምና አለ። የዘር ማሻሻል አለ። መስኖ አለ፣ የምግብ ሳይንስ አለ፣ የአትክልትና ፍራፍሬ ምርት አለ። አንዳንዶቹ ከመንግሥት ውጭ ገዢ አላቸው፤ የወተት ላም ያለው ሰው ላሙ ስትታመምበት ሐኪም ይጠራል፣ ከኪሱም ይከፍላል። ዘር የሚያባዛ፣ አበባ የሚያመርት፣ ዱቄት የሚፈጭ ድርጅት ባለሙያ ይፈልጋል። የትኛውም ላይ ሥራ እጅሽ ላይ ይወድቃል እያልኩሽ አይደለም። ነርሶችም ቢሆኑ ተመርቀው ሥራ ሲፈልጉ የሚንከራተቱ አሉ፤ ይህንን ለእናትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። እናትሽ መርፌ መወጋት ካማራቸውም፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲና ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንስሳት ሐኪም ያሠለጥናሉ። ጋውንም አለው፣ መርፌም አለው። በዓይናቸው እስኪያዩት ድረስ ይስቁ ይሆናል።

እዚህ ላይ አብዛኛው አማካሪ የታዋቂ ሰው ስም ይጠራልሻል። እኔ እንዲህ ያለ ምክር ብዙም አልወድም፤ ግን አገርሽ ናቸውና ላንሳቸው። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የፍኖተ ሰላም የገበሬ ልጅ ናቸው። ግብርና አጥንተው ናይሮቢ ያለውን ኢሲፔ የተባለ ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መርተዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተማሩት ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ገቡ። አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። አንቺ አሁን ባለሽበት የትምህርት ደረጃ እሳቸውም ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ እርሻ ይማሩ ነበር። ይህን ያነሳሁት ለራስሽ ነው። ቤት ወስደሽ ለመከራከሪያ አትጠቀሚበት። አባትሽ አንድ ፕሮፌሰር ስትጠሪላቸው እሳቸው ሠፈር ውስጥ የተቀመጡ አሥር ተመራቂ ይጠሩልሻል። ያሸንፉሻልም።

ከአባትሽ ጋር የሚያስማማሽ ዲከረንሱ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ እሱን እንየው። አባትሽ ያንን ዛፍ የተከሉት ዝም ብለው አይመስለኝም። የእናንተ አካባቢ ደጋ ነው፤ ዝናቡ ብዙ ነው፤ አፈሩ ኮምጣጣ ሆኗል። የአፈሩ ፒኤች (ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከ5.5 በታች ሲወርድ አልሙኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳዋል። ፎስፈረሱም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ገበሬው ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ሰብሉ አያገኘውም። ዓመት ዓመት ይከስራል። ዲከረንስ ግን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ቢሆንም እዚያ አፈር ላይ በቀለ። አንቺ ራስሽ ያየሻቸው እባጮች ናይትሮጅን ይሰጡታል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙና ጤፉ አብረው ይዘራሉ። ቀጥሎ በመሐሉ የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጣል፣ ይከሰላል፣ ነጋዴው በመኪና መጥቶ ይጭናል። ጠቅለል ያለ ብር በአንድ ጊዜ እጅ ይገባል። መሬቱ ደግሞ አርፎ ለጤፍ ይመለሳል። ይህንን በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች በስፋት ሲሠሩት ተመራማሪዎች መጥተው አጥንተውታል። አባትሽ መጽሐፍ ሳያነቡ ከሠሩት ሥራ ላይ አንቺ ምዕራፍ ትማሪያለሽ።

ችግሩ አካባቢው በሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሆነ። አንድ በሽታ ሲመጣ ከማሳ ማሳ የሚያግደው የለም። አሁን የአባትሽ ጥያቄ ይሄ ነው፤ በምን ልተካው? ድንች? ከሆነ ዘሩ ከየት ይመጣል? ሌላ ዛፍ ቀላቅሎ መትከል? ግብጦ? ኖራ ነስንሶ ወደ ገብስና ስንዴ መመለስ? ኖራው በሔክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል፣ ማመላለሻው ውድ ነው፣ ከመዝራትም ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ለእያንዳንዱ ምርጫ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ከዚህ ሆኜ ይሄኛው ይሻላል ብልሽ ውሸት ነው። ግን አባትሽ ያንን ጥያቄ ሌሊት ተኝተው ሳይሆን ነቅተው እንደሚያስቡት አልጠራጠርም። ቤታችሁ ውስጥ ደግሞ አንድ ተመራቂና አንዲት ተማሪ አሉ። ሦስታችሁም ስለዚያው ማሳ ለየብቻችሁ ትጨነቃላችሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓርብ ቤት ስትሄጂ «ግብርና ልማር ነው» የሚለውን ተዪው። አባትሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው። «አባባ፣ ከሰል የተከሰለበት ቦታ ላይ ጤፉ ከሌላው የሚያምረው ለምንድነው?» በያቸው። ይህንን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በማሳው መሐል አመድ የፈሰሰበት ቦታ ላይ ሰብሉ ጠቆር፣ ፈርጠም ብሎ ይታያል። የራሳቸውን ማብራሪያ ይነግሩሻል፤ እስኪጨርሱ አዳምጪያቸው። ከዚያ አንቺ የተማርሽውን ጨምሪ። አመዱ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። የግብርና ባለሙያዎች አምጡ የሚሉት ኖራም የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው። እሳቸው ሳያውቁት ኖራ መጨመርን በዓይናቸው አይተውታል ማለት ነው። ቡና እየተጠጣ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ እናትሽም ይስሙ።

ከተመቻቸው ቀጥለሽ ትንሽ ቦታ ለምኚያቸው። ዛፉ ከደረቀበት፣ ጉቶው ከወጣለት፣ ብዙ ቦታ አያስፈልግሽም፤ አሥር እርምጃ በአሥር እርምጃ ይበቃል። ለሁለት ክፈይው። አንዱን ኖራ አስነኪው፣ አንዱን እንዳለ ተዪው። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ዘር፣ በአንድ ቀን ይዘራ። በሳምንቱ መሐል አንቺ ከተማ ነሽና ወንድምሽን አብረን እንሥራው በዪው። ባጃጁን ይተው እያልኩ አይደለም፤ ገቢው ነው። ግን የተማረውን ሥራ ላይ ሲያውል አባትሽ አይተውት የሚያውቁ አይመስለኝም።

ወጪውን ሁሉ በደብተር ጻፊ። ዘሩ፣ ኖራው፣ ያጓጓዝሽበት፣ ጉልበታችሁም ጭምር። ምርቱን መዝኚ። ከከሰራችሁ ከሰርን ብለሽ ለአባትሽ ንገሪያቸው። አንድ ገበሬ እውነቱን የሚነግረው ባለሙያ ሲያገኝ ያከብረዋል።

ከዚህ በፊት ግን አፈሩን አስመርምሩት፤ ኖራ በግምት አይጨመርም። አወሳሰዱ ቀላል ነው። ማሳው ውስጥ እየተጠማዘዝሽ ከብዙ ቦታ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረሽ ትንሽ ትንሽ ትወስጃለሽ። በንጹሕ ባልዲ ታደባልቂዋለሽ። ከዚያ ላይ አንድ ኪሎ ያህል በፌስታል ይዘሽ ስምና ቦታ ትጽፊበታለሽ። ከብት ካደረበትና ፍግ ከተከመረበት አትውሰጂ። ከሰል ከተከሰለበትም አትውሰጂ፤ ያ ቦታ ያታልልሻል። መጀመሪያ መምህርሽን አማክሪ፤ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ምርመራው የት እንደሚሠራ ይነግራችኋል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ቅርባችሁ ነው፤ ግብርና ያስተምራል። መምህርሽ በኩል ደብዳቤ ቢጻፍ «ኑ እዩ» የሚል አስተማሪ አይጠፋም። አንድ ቀን እዚያ ውለሽ ሴት ተማሪዎቹን አናግሪ፤ መስክ ሲወጡ፣ ላቦራቶሪ ሲገቡ እይ። ምን እንደሚያስመርራቸውም ጠይቂያቸው።

ሴት ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። በደብዳቤሽ ያልጻፍሽው ነገር አለ። ታናሽ ወንድም ቢኖርሽና «ግብርና ልማር» ቢል አባትሽ እንዲሁ ይቆጡ ነበር? በእናንተ አካባቢ ሴት እርፍ አትይዝም። አባትሽ ሴት ልጅን ከእርሻ ጋር ሲያስቧት የሚታያቸው አረም፣ አጨዳ፣ እንጨት ተሸክሞ መምጣት ነው፤ እናትሽ ሲያደርጉት የኖሩትን። ያንን ላንቺ አለመመኘታቸው ፍቅር ነው። አንዲት የወረዳ ባለሙያ ወይም አንዲት የእንስሳት ሐኪም ሞተር ይዛ ቀበሌ ስትመጣ አይተው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ያስባሉ። ካላዩ እንዲያዩ አድርጊ። መምህርሽ እንዲህ ያለች ሴት የሚያውቁ ከሆነ አንድ ቀን ቤት ይዛችኋት ሂዱ።

የጓደኞችሽን ሳቅ ለጊዜው ተዪው። መጽሐፉ ሲታደል አንቺም ስቀሽ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ አባትሽ «አይሆንም» ቢሉስ? ሊሉ ይችላሉ። ያኔ ሳትነግሪያቸው ፎርም ሞልተሽ መጥተሽ «አልቋል» ማለትን አልመክርሽም። ቤት የሚከራዩልሽ፣ ስንቅ የሚቋጥሩልሽ እነሱ ናቸው፤ ነገሩ ሲወጣ የሚጎዳው መተማመናችሁ ነው። ከዚያ ይልቅ ጊዜ ግዢ። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት መሆኑን አስረጂያቸው፤ ለጤናም ለግብርናም በሩ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ነው። «በዚያ ዓመት ውጤቴንም ሥራ ገበያውንም አይተን እንወስን» በያቸው። የምታከብሩት አጎት ወይም የንስሐ አባት ካለ አብሮሽ ይቀመጥ። በመጨረሻ ዲፓርትመንት የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ ያንን መብትሽን በልብሽ ያዢው፤ ግን በመጀመሪያ ቀን አውጥተሽ አታውለብልቢው።

ነጥቡ ለዩኒቨርሲቲ ካልበቃም ነገር ዓለሙ አላበቃም። እንደ ወረታ ያሉ የግብርና ኮሌጆች በዲፕሎማ ደረጃ ያሠለጥናሉ። እዚያ ገብተው ሥራ ይዘው፣ በኋላ ዲግሪያቸውን የጨረሱ ብዙ ናቸው። ይህንን እንደ መጠባበቂያ ያዢው እንጂ አሁን ከጥናትሽ አያዘናጋሽ።

በየትኛው ትጀምሪ? በወንድምሽ። ቅዳሜ ባጃጁን ሲያቆም ሻይ ጋብዢውና እነዚያን ጥያቄዎች ጠይቂው። የአፈሩን ነገር ንገሪው። የከሰሉን ጥያቄ ለአባትሽ ስታነሺ እሱም እዚያው ይኑር፤ የተማረው ነውና ካንቺ በተሻለ ሊያስረዳቸው ይችላል። ናሙናውን ሰኔ ሳይገባ ውሰዱ፤ ዝናቡ ከጀመረ ማሳው ጭቃ ነው፣ ኖራውም ጊዜ ያጥረዋል። የፒኤች ቁጥሩ ሲደርሳችሁ ጻፊልኝ፤ ወንድምሽ የመለሰልሽንም ጭምር።